ኢልያ ሜችኒኮፍና ቍስልን የሚጠግኑት በላተኞች

ሰው እሾህ ሲወጋው ቦታው ይቀላል፤ ያብጣል፤ ጥቂት ቆይቶም መግል ይቋጥራል። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን መግሉ ለምን እንደሚመጣ ጠይቀው መልሱን ለማግኘት ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሊቃውንት አንዱ ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሜችኒኮፍ በ1845 ዓ.ም. በመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ግዛት፥ ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፥ በካርኮፍ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በካርኮፍ ዩኒቨርሲቲ የ4 ዓመቱን ትምህርት በ2 ዓመት ፈጽሞ ወደ ጀርመንና ወደ ኢጣልያ ተሻገረ፤ በዚያም የባሕር ጥቃቅን እንስሳትን መረመረ። ከዚያም በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ።

ትምህርቱ የተቃናለት ቢሆንም ኑሮው መራራ ነበር። በ1869 ዓ.ም. ያገባት ሉድሚላ በሳምባ ነቀርሳ ደክማ ስለ ነበር፥ በሠርጓ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ተሸክመዋት ነው። በ1873 ዓ.ም. በማዴይራ ደሴት በሞተች ጊዜ ሜችኒኮፍ በኀዘን ተሸንፎ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ሆኖም ተረፈ። ሁለተኛ ሚስቱ ኦልጋ በ1880 ዓ.ም. በተስቦ ስትታመም እንደ ገና ተስፋ ቈርጦ፥ የሚያገረሽ ትኩሳት ያለበትን ደም ወደ ገላው አስገባ። በጽኑ ታመመ፤ ነገር ግን እርሱም እርስዋም ዳኑ። የዓለም ሕክምና ታላቅ ዕውቀት ያገኘው እንዲህ ሁለት ጊዜ ከሞት ደጅ ከተመለሰ ሰው ነው።

በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ አሌክሳንደር ከተገደለ በኋላ በዩኒቨርሲቲው ሁከት ስለ በዛ፥ ሜችኒኮፍ በ1882 ዓ.ም. ሥራውን ለቆ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሲሲሊያ ደሴት፥ ወደ መሲና ከተማ ሄደ። አንድ ቀን ቤተ ሰቡ ሰርከስ ለማየት ሲወጡ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀረ። የኮከብ ዓሣ ግልገል ገላው እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋልና በውስጡ የሚንቀሳቀሱትን ሴሎች ይመለከት ነበር። እነዚህ ሴሎች ባዕድ ነገር ቢገባባቸው ይከቡት ይሆን? ብሎ አሰበ። ከአትክልቱ ቦታ የጽጌረዳ እሾህ ቈርጦ በግልገሎቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጣ። ሲነጋ ቢያይ ሴሎቹ እሾሁን ዙሪያውን ከበውት አገኘ።

ከዚህ ተነሥቶ እብጠት በሽታ ብቻ ሳይሆን የአካል መከላከያ መሆኑን በ1883 ዓ.ም. አስታወቀ። ሴሎቹም ፋጎሲት ተባሉ፤ ይኸውም በግሪክ ቋንቋ በላተኛ ሴል ማለት ነው። ከእነርሱም ትልልቆቹን ማክሮፋጅ ብሎ ሰየማቸው። ብዙ የጀርመን ሊቃውንት ግን አካልን የሚጠብቀው የደም ውሃ ነው እንጂ ሴል አይደለም እያሉ ተከራከሩት። እርሱም በ1888 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄዶ በፓስተር ኢንስቲትዩት እየሠራ ዓመታት ሙሉ ተሟገተ። በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለእርሱና በደም ውሃ በኩል ለተመራመረው ለጳውል ኤርሊኽ በአንድነት ሲሰጥ፥ ሁለቱም ወገኖች እውነት እንደ ያዙ ታወቀ።

ስለ እርጅና ሲያጠናም፥ እነዚሁ በላተኞች ዋና ዋናዎቹን ሴሎች እንደሚያጠፉና በቦታቸው ጠንካራ ሥጋ እንደሚተካ ጽፎ ነበር። አሳቡ ሁሉ አልጸናም፤ ነገር ግን ጠባቂው ራሱ ሊጐዳ እንደሚችል መገመቱ ትክክል ነበር። ለዚህም ልብ ምስክር ናት። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የልብ ሥጋ ይሞታል። በሰዓታት ውስጥ ነጫጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ፤ ቀጥሎም ማክሮፋጆች መጥተው የሞተውን ሥጋ ይበላሉ። ቦታው ከጸዳ በኋላ ሥራቸውን ለውጠው፥ ፋይብሮብላስት ለሚባሉት ሴሎች ምልክት ይሰጣሉ። እነዚህም እንደ ሸማኔ ኮላጅን የሚባለውን ጽኑ ክር ይሠራሉ፤ በሳምንታት ውስጥም ጠባሳ ይሆናል። የአዋቂ ሰው የልብ ጡንቻ ሴል በዓመት ከ100 አንዱ እንኳ አይታደስምና፥ ጠባሳው ባይኖር የልብ ግድግዳ በተቀደደ ነበር።

ይሁንና በላተኞቹ ሥራቸው ካለቀ በኋላም ምልክት መስጠታቸውን ካላቆሙ ጠባሳው ወደ ጤናማው ሥጋ ይስፋፋል፤ ልብ ይደነድናል፤ ይደክማል። ታዲያ ፈጽሞ ቢወገዱስ? በእንስሳት ላይ ሲሞከር ቍስሉ ሳይጠራ ቀርቶ በደንብ አልዳነም። እንዲያውም አዲስ የተወለደ የአይጥ ግልገል ልብ ያለ ጠባሳ ራሷን ስታድስ፥ ማክሮፋጆቹ ከተወገዱ ግን ይህን ማድረግ እንደማትችል በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አሳየ። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚሹት ሴሎቹን ማጥፋት ሳይሆን በጊዜው እንዲጀምሩና በጊዜው እንዲያቆሙ ማድረግ ነው።

ሜችኒኮፍ ዕድሜ ለማራዘም እርጎ ይጠጣ ነበር፤ ሌላውንም ይመክር ነበር። ሆኖም ልቡ ደክሞ በ1916 ዓ.ም. በ71 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። ዐመዱም በፓስተር ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ይገኛል። በተስፋ መቍረጥ ቀን የወደቀ ሰው ታላቁ ሥራው ገና ከፊቱ ሊሆን እንደሚችል አንዱ ነው። ሁለተኛውም፥ ሥራን በትጋት መጀመር እንደሚያስመሰግን ሁሉ ሲፈጸም እጅን መሰብሰብም ዕውቀት መሆኑ ነው።