ዘፈን ለቃሚው መነኩሴ

መቼም ስለ አርመኖች ሲነሳ እኛ አገር ቀድሞ የሚታወሰው የ“አርባ ልጆች” ወሬ ነው። በ1924 (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ) አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ሄደው ሳለ የሙዚቃ መሣሪያ የሚነፉ ወላጅ አልባ አርመን ልጆች አዩ። አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው። ከልጆቹ ጋር የመጣው አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ኋላ የቀድሞ ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደረሰ። ይህን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ልጆቹ ምን ዓይነት አገር፣ ምን ዓይነት ዘፈን ጠፍቶባቸው እንደመጡ ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም። እኔ ይህችን ጥያቄ ስከተል ነው ኮሚታስ የሚባል መነኩሴ ላይ የደረስኩት። ዛሬ የማወጋችሁ የእሱን ነገር ነው።

የልጅነት ስሙ ሶጎሞን ሶጎሞንያን ነው። በ1869 በኦቶማን ግዛት፣ ኩታህያ በምትባል በሸክላ ሥራዋ በታወቀች ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱ ምንጣፍ ሠሪ ነበሩ። ሁለቱም ድምፀ መረዋ፣ ዘፈን የሚገጥሙ ሰዎች ነበሩ። እናቱ እሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተች፤ አባቱም ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ተከተላት። አያቱ እጅ ቀረ። በዚያች ከተማ አርመኑም የሚናገረው ቱርክኛ ስለነበር ልጁ የአባቶቹን ቋንቋ አያውቅም።

በ1881 የከተማው ቄስ ጵጵስና ሊቀበል ኤችሚያድዚን ወደሚባለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ይሄድ ነበር። ሲመጣ ድምፁ ያማረ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ከሃያ ልጆች ሶጎሞን ተመረጠ። ካቶሊኮሱ ፊት ቀርቦ በአርመንኛ ቢናገሩት አልገባውም። አርመንኛ እንደማያውቅ፣ ከፈቀዱለት ግን ሊዘምር እንደሚችል በቱርክኛ ተናገረ። ከዚያም ትርጉሙን የማያውቀውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በአርመንኛ አወረደው። ካቶሊኮሱ አለቀሱ ይባላል። እኛን ይሄ ብዙ አይገርመንም፤ የቆሎ ተማሪ ግእዙ ሳይገባው ዜማውን በቃሉ ይዞ ሲያንበለብለው አይተናል።

እዚያው ተምሮ፣ እዚያው መነኮሰ። ኮሚታስ የሚለውን ስም ያገኘው ያኔ ነው፤ በ7ኛው መቶ ዘመን የነበረ የመዝሙር ደራሲ ካቶሊኮስ ስም ነው። በ1895 ቫርዳፔት፣ ማለትም የመምህርነት ማዕረግ ያለው መነኩሴ ሆነ። አንድ የነዳጅ ቱጃር ገንዘቡን ችሎለት ከ1896 እስከ 1899 በርሊን ሙዚቃ ተማረ። ስለ በርሊኑ ብዙ አልልም፤ የሰውዬው ነገር ያለው ገጠር ነው።

ኮሚታስ ከበርሊን በፊትም በኋላም በየመንደሩ እየዞረ የገበሬ ዘፈን ይለቅም ነበር። የእርሻ፣ የአውድማ፣ የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የእሹሩሩ፣ የቀረው የለም። ችግሩ ግን ገበሬው ቆብ የደፋ መነኩሴ ሲያይ አፉን ይይዛል። እናም ከግድግዳ ኋላና ከጣራ ላይ ተደብቆ ይጽፍ እንደነበር ይነገርለታል። የሚጽፈው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሃምፓርሱም ሊሞንጂያን የሚባል የኢስታንቡል አርመን በፈለሰፈው የዜማ ምልክት ነው። ፈጣን ነው፤ ዘፋኙ ሳይጨርስ ጸሐፊው ይደርስበታል።

የገጠሩን ክብ ጭፈራ ሲያጠናም የተገነዘበው ነገር አለ። አንዱ አንድ ስንኝ ያወጣል፤ ክቡ ተቀብሎ ይደግመዋል። ቀጥሎ ሌላው የራሱን ይጨምራል፤ ዜማውም በእግሩ አረጋገጥ እየተገራ ይሄዳል። በማግስቱ ይህን ዘፈን ማን አወጣው ቢባል መልስ የለም፤ ሁሉም አውጥቶታል። ደግሞም ዘፈኑ ከቦታው ጋር የተሰፋ ነው። ሎሪ በሚባለው አውራጃ ያለውን የእርሻ ዘፈን ለብቻው አጥንቶ ሲጽፍ፣ በሬው፣ ሞፈሩና የአራሾቹ መጠራራት የዜማው አካል እንደሆኑ አሳይቷል። ገበሬው የማሳውን ዘፈን ቤቱ ተቀምጦ መዝፈን ትርጉም አይሰጠውም። ሆያ ሆዬን በጥምቀት የሚጨፍር ማን አለ?

ይህን ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። የወፍጮ እንጉርጉሮዋን ልቀዳ ስልኬን ዘርግቼ ሳሎን ብለምናት ሳቀችብኝ። ያለ ወፍጮ አይመጣልኝም አለች። ከሰዓት በኋላ ጓሮ እህል ስታበጥር ግን ሳታስበው ጀመረችው፤ እኔም እንደ መነኩሴው ከግድግዳ ኋላ ቆሜ ሰማሁ።

ከ3000 በላይ ዘፈን እንደሰበሰበ ይነገራል። የአርመን ብቻም አይደለም፤ የኩርድ ዜማዎችንም ሰብስቦ አሳትሟል። ከዚያ ዘፈኖቹን ለመዘምራን እያቀናበረ ይዞ ወጣ። በ1906 ፓሪስ ላይ ሲያሰማ፣ አንቱኒ የተባለው የስደተኛ እንጉርጉሮ ታላቁን ደራሲ ደቡሲን እጅግ እንደነካው ይወራል።

ሌላው ሥራው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የአርመን የመዝሙር መጻሕፍት ከቃሉ በላይ “ኻዝ” የሚባሉ የዜማ ምልክቶች አሏቸው። ሲታዩ የእኛን ድጓ ያስታውሳሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የእኛን ምልክት የሚያነብ መሪጌታ ዛሬም አለ። ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የሚወርድ ተማሪ ምልክቱን ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ነው የሚያውቀው፤ ምልክቱ የሚያስታውሰው ቀድሞ በጆሮው የገባውን ነው። አርመኖቹ ዘንድ ያ ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄደው መስመር ተበጠሰ። መጻሕፍቱ በብዛት አሉ፤ ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ኮሚታስ ሃያ ዓመት ገደማ ለፋበት። ገበሬው ዘፈን ውስጥ የድሮው ዜማ ቅሪት አለ ብሎ ያምን ስለነበር፣ መንደር ለመንደር መዞሩና ብራና ማገላበጡ ለእሱ አንድ ሥራ ነበሩ። ቀላል ቀላሎቹን ማንበብ እንደጀመረ ገልጾ ነበር። በ1914 ፓሪስ በተደረገ ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ጉባኤም ስለዚሁ አስረድቷል።

የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ግን አልተመቹትም። መነኩሴ የፍቅር ዘፈን ምን አገባው የሚል ማጉረምረም ነበር። በ1910 ኤችሚያድዚንን ትቶ ኢስታንቡል ገባ፤ 300 ሰው ያለበት ጉሳን የተባለ የመዘምራን ቡድን አቋቋመ። እዚያም ቅዱስ ዜማ በቲያትር ቤት እንዴት ይሰማል ተብሎ ሊከለከል ነበር። እኔ የቀሳውስቱ ስጋት ጭራሽ የማይገባ ነው አልልም። ግን ዜማውን አዳራሽ ባይገባ ኖሮ ያቆየው ነበር የሚል ካለ፣ ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ይስማ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1915 ሌሊት ኢስታንቡል ውስጥ የአርመን ምሁራን፣ ጸሐፍትና ካህናት እየተለቀሙ ታሰሩ። ከ200 በላይ ነበሩ። ኮሚታስ አንዱ ነው። ቻንክሪ ወደምትባል ከተማ ተጋዘ። በሰዎች ምልጃ እሱና ጥቂቶች ተመለሱ፤ አብረውት ከሄዱት አብዛኞቹ ተገደሉ። በዚያው ጊዜ በየገጠሩ አርሶ አደሩ ከነቤተሰቡ ይነዳና ይታረድ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ጣራ ላይ ተኝቶ የሰማቸው ዓይነት የአራሾች፣ የሙሽሮችና የአልቃሾች ድምፅ ከየመንደሩ ጠፋ። በእነዚያ መንደሮች ዘፈኑን ተቀብሎ የሚደግም ክብ አልቀረም።

ኮሚታስ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ጥቂት ጊዜ ለመሥራት ሞከረ፤ ለፒያኖ ያዘጋጃቸው የጭፈራ ዜማዎች በ1916 ተጠናቀዋል። ፒያኖውን እንደ ከበሮና እንደ ክራር ቢጤ የአገሩ መሣሪያ ያስጮኸዋል። በዚያው ዓመት አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ። ቤቱ ተለቀቀ፤ ወረቀቶቹ ተበታተኑ። በ1919 ወደ ፓሪስ ተወሰደ። ሊጠይቁት የሚመጡትን ብዙዎቹን ፊት ይነሳቸው ነበር። ያ ሁሉ ዜማ በጭንቅላቱ የነበረ ሰው ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በዝምታ ኖሮ፣ በጥቅምት 1935 ቪልዡዊፍ በሚባለው ሆስፒታል ሞተ። በማግስቱ ዓመት አስከሬኑ ወደ የሬቫን ተወስዶ ተቀበረ። ዛሬ የከተማይቱ ኮንሰርቫቶሪ በስሙ ይጠራል።

ከሰበሰባቸው ዘፈኖች 1200 ያህሉ ተርፈዋል። የፈረሰ መንደር የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን የሠርግ ዘፈን ሲፈልጉ እነዚህን ደብተሮች ይገልጣሉ። ሥራዎቹ ከ1960 ጀምሮ በየሬቫን በተከታታይ ቅጽ ታትመዋል። ኻዙን ስለማንበብ ጽፎት የነበረው ጥናት ግን ከወረቀቶቹ መካከል አልተገኘም።