የአዱሊሱ እንግዳ ነጋዴው ኮስማስ

በካርሜ ጋት አዳዲስ ፎቆች መካከል የሚያድጉት ልጆቻችን ኢትዮጵያ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ከዓለም ተለይታ ስለ ኖረች ተራራማ አገር ነው። ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ አንድ ነጋዴ የተወልን መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ያሳያል።

ይህ ሰው ኮስማስ ይባላል። አገሩ የግብፅ እስክንድርያ ሲሆን፣ ቅጽል ስሙም ወደ ህንድ የተጓዘ ማለት ነው። ለንግድ ሲል የሜዲትራንያንን ባሕር፣ ቀይ ባሕርንና የፋርስን ባሕረ ሰላጤ እንደ ዞረ ራሱ ጽፏል።

እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ከአክሱም ወደብ ከአዱሊስ ደረሰ። አዱሊስ ዛሬ በኤርትራ፣ ከምጽዋ በስተ ደቡብ የምትገኝ ፍርስራሽ ናት። በዚያን ጊዜ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ሂምያርን፣ ማለትም የዛሬዪቱን የመን፣ ለመውጋት ይዘጋጅ ነበር። የሂምያር ንጉሥ ዩሱፍ የአይሁድን እምነት የተቀበለ ሰው ነበር።

ካሌብ በአዱሊስ የነበረው የጥንት የድንጋይ ጽሑፍ እንዲገለበጥለት አዘዘ። ሥራው ለኮስማስና ሜናስ ለሚባል ሌላ ነጋዴ ተሰጠ። ጽሑፉ አንድ የቀድሞ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም መካከል ከወንዝ ማዶ በበረዶ ተራራ ላይ የሚኖሩት የሰሜን ሰዎች ይገኛሉ። ኮስማስ በበኩሉ የአክሱም ንጉሥ የፈረደባቸውን ሰዎች ወደዚያ በግዞት እንደሚልክ ጨምሯል። ይህ ከእኛ ቤተሰቦች ብዙዎቹ የኖሩበት ሰሜን ነው። ድንጋዮቹ ዛሬ ጠፍተዋል፤ የቀረልን የእሱ ግልባጭ ብቻ ነው።

ስለ ወርቅ ንግድ የጻፈውም ያስደንቃል። ንጉሡ በአገው ገዥ በኩል በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደሚባል አገር ሰዎች ይልካል። ከ500 በላይ ነጋዴዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያም በእሾህ አጥር ይሠሩና በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ አጠገብ አተር የሚያህል ወርቅ ያኖርና ዞር ይላል። ባለ ዕቃው ከተስማማ ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማ ይተወዋል። ያኔ ሰውየው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይመለሳል። ቋንቋቸው ስለማይገናኝ ገበያው ያለ ንግግር ይፈጸም ነበር። መንገዱ ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲመለሱም ክረምቱ እንዳይቀድማቸው ይጣደፋሉ።

በሌላ በኩል ስለ ስሪላንካ ሲጽፍ ከቻይና የሚመጣው ሐር፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ የሚመጡት መርከቦች እዚያ እንደሚገናኙ ይናገራል። የኢትዮጵያ የዝሆን ጥርስም ወደ ህንድ፣ ወደ ፋርስ፣ ወደ ሂምያርና ወደ ሮም ግዛት ይሄድ ነበር። እንግዲህ በሳሱ አጥር ላይ የተቀመጠው ጨውና ብረት እስከ ስሪላንካ በሚደርስ የንግድ መረብ ውስጥ አንድ ቋጠሮ ነበር ማለት ነው።

ኮስማስ መጽሐፉን የጻፈው በ550 ገደማ ነው። በኋላ መነኩሴ ሆነ ይባላል። ምድር ጠፍጣፋ ናት፣ የዓለም ቅርጽም ሙሴ በምድረ በዳ የሠራትን ድንኳን ይመስላል ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ተሳስቷል፤ በገበያ ያየውን በተመለከተ ግን ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

አዱሊስ በተከታዮቹ መቶ ዓመታት ጠፋች፣ መንገዶቹም ተለወጡ። ጨው ግን አሞሌ ሆኖ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ በኢትዮጵያ ገበያ እንደ ገንዘብ አገልግሏል።

ከካርሜ ጋት ብዙም በማይርቀው በቴል ኤራኒም ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የነገሠው የግብፅ ንጉሥ የናርሜር ስም ያለበት የሸክላ ስባሪ ተገኝቷል። የምንኖርበት ቦታም የጥንት የንግድ መንገድ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌዎቻችን ማረሻና ማጭድ፣ ጋንና እንስራ ይዘው የሄዱባቸው ገበያዎች ግን አብዛኞቹ አልተጻፉም፤ የሚያስታውሷቸውም በየዓመቱ እያነሱ ናቸው። ስለዚህ ልጆች፣ አያቶቻችሁን በየትኛው ቀን ወደየትኛው ገበያ ይወጡ እንደ ነበር ጠይቁና ጻፉ።