ከቅኔ ማኅሌት ወደ ተማሪ ቤት መድረክ፦ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

ደጀን፦ ከደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ከማዶ የጎሐ ጽዮንን ግርጌ ያያል። ዛሬ ጤፍና ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ያን ቁልቁለት በጥቂት ሰዓት ወርደው ይወጡታል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ድልድይ አልነበረም። ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚሻገር መንገደኛ ስንቁን በአህያ ወይም በጀርባው ይዞ፣ ወንዙ ሲጎድል ጠብቆ ይወርዳል። ክረምት ከገባ ዓባይ መንገዱን ይዘጋል፤ ጉዳይ ያለው ሁሉ መስከረም እስኪጠባ፣ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል።

በ1910 ዓ.ም. አካባቢ ዓባይን ተሻግረው ወደ አዲስ አበባ ካቀኑት የጎጃም ልጆች አንዱ የደብረ ኤልያሱ ደብተራ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። ሀብታቸው ቃል ነው፤ ዜማና ቅኔ። ያን ሀብት ይዘው ሄደው በሀገራችን ከዚያ ቀደም ብዙም ያልተሞከረ ሥራ ሠሩበት። ቴአትርን የተማሪ ቤት ትምህርት አደረጉት።

ዮፍታሔ የተወለዱት በ1880ዎቹ ነው፤ ዛሬም ድረስ የክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ረሀብ ሀገሩን ባደቀቀበት ዘመን ዙሪያ። የትውልድ ቦታቸው ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ በአቋቋምና በቅኔ ትምህርት ስሟ የሚነሳ ደብር ናት። ከእርሳቸው በኋላ ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚሁ ደብር ጉባኤ ቀስመዋል። አካባቢው የጤፍና የስንዴ ሀገር ነው፤ እህሉም ሊቁም ይበቅልበታል።

ለቴአትር የተዘጋጁበትን ትምህርት ቤት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ውጭ ሀገር አሻግሮ ማየት የለበትም። በጎጆ አድሮ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ከየደጁ ቁራሽ የሚለምነው የቅኔ ተማሪ የመድረክን ሥራ ሳያውቀው ይማራል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። ቀን ሲቆጥር የዋለውን ማታ በመምህሩ ፊት ይነግራል። የሚነግረውም ከወረቀት አንብቦ አይደለም፤ በቃሉ ይዞ፣ ድምፁን ለክቶ፣ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ነው። ሰሙ ካልያዘ ወርቁ ይፈሳል። ከያዘለት ይበል ይባላል፤ ካልያዘለት ያፍራል። ከዚህ የጠነከረ ታዛቢ ፊት የሚለማመድ ተዋናይ ያለ አይመስለኝም።

ማኅሌቱም እንዲሁ ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። መቋሚያው ይዘማል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ጀምሮ ወደ ሽብሸባ ይገባል። ቀኝጌታ የሚባለው ማዕረግም ከዚህ የመጣ ነው፤ በማኅሌቱ የቀኙን ወገን የሚመራው ሊቅ ስም ነው። ዮፍታሔ ይህን ማዕረግ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጠሩበት። ሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆሞ ቃል ሲቀባበል፣ ሕዝቡ ደግሞ ከብቦ ሲሰማ ማየት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነበርና፣ መድረክ የሚባለውን ሲያገኙ እንግዳ አልኾነባቸውም ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ ሲገቡ ግን ቴአትር የሚለው ቃል ራሱ ገና አዲስ ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአውሮፓ ትምህርታቸው ተመልሰው ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ጽፈው አሳይተው ነበር። አውሬዎቹ የሚናገሩት ግን ስለ ሰው ነበር፤ ስለ መንግሥት ሹማምንት ብልሹ አሠራር። መኳንንቱ ደስ አላላቸውም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መንግሥትም ተውኔቱን አገደ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ገና ሲወለድ አፉ ተያዘ።

ከዚያ በኋላ ቴአትር መሸሸጊያ ያገኘው በተማሪ ቤት ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። በመኳንንቱ ዓይን በሰው ፊት ቆሞ የሌላ ሰው ጠባይ የሚያሳይ ሰው ከአዝማሪ አይለይም፤ አዝማሪ ደግሞ ይሰማል እንጂ አይከበርም። ልጁ አዝማሪ እንዲኾንበት የሚፈልግ ባላባት አልነበረም። ትምህርት ነው ከተባለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጁ በመምህሩ ታዞ ሲናገር፣ ግጥም በቃሉ ሲያጠና፣ በንጉሡ ፊት ሳይፈራ ሲቆም ያየ አባት ይኮራል። ዮፍታሔ ይህን በሚገባ ተረድተዋል።

በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ኾኑ፤ በኋላም የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለመኾን በቁ። ለተማሪዎቻቸው ግጥም ጻፉ፣ መዝሙር ጻፉ፣ ተውኔት ጻፉ፤ ራሳቸው አለማመዷቸው፤ መድረክ ላይ አወጧቸው። በሙዚቃው በኩል ከአርመናዊው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንድያን ጋር ተባበሩ። ናልባንድያን አርባ ልጆች የሚባሉትን የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች የሙዚቃ ጓድ ይዘው በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሰው ናቸው። የደብረ ኤልያስ ደብተራና የአርመን ስደተኛ በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ አንዱ ቃሉን ሌላው ዜማውን ሲሰፉ ማሰብ ደስ ይላል። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር የተገኘውም ከሁለቱ ትብብር ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ፣ ዜማው የናልባንድያን። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሲወርድ የተዘመረው ያ መዝሙር ነው። ከሃምሳና ስድሳ ዓመት በፊት የተማሩ የደጀን አረጋውያን ዛሬም በቃላቸው ያውቁታል፤ የማን ግጥም እንደኾነ ግን ብዙ ጊዜ አልተነገራቸውም።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ቴአትር በይፋ ወደ አደባባይ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ዙሪያ የዮፍታሔ ተውኔቶች ተራ በተራ ታዩ። ርዕሶቻቸውን ብቻ አንብቦ የመምህሩን አሳብ መገመት ይቻላል፦ ጥቅም ያለበት ጨዋታ፣ ምስክር፣ የሆድ አምላኩ ቅጣት፣ ያማረ ምላሽ፣ እያዩ ማዘን። የመጀመሪያውን እንመልከት። ጨዋታ የሚለው ቃል በሰሚው ዘንድ ሳቅና ፌሽታ ነው፤ ጥቅም ያለበት የሚለው ደግሞ ለአባቶች የተሰጠ ማረጋገጫ ነው። አንድ ርዕስ ሁለት ሰሚ አለው፤ ቅኔ ነው። የሆድ አምላኩ ደግሞ ለየትኛውም ገበሬና ነጋዴ ማብራሪያ የማይሻ ስም ነው፤ ሆዱን አምላክ ያደረገ ሰው በየመንደሩ አለ።

ተማሪዎቹ ወንዶች ስለነበሩ የሴቶቹንም ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴት በመድረክ ላይ መታየት የጀመረችው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ የመጀመሪያዎቹ ተዋንያት በ1940ዎቹ ሲወጡ ብዙ ነቀፋ ተሸክመው ነው የወጡት።

የዮፍታሔን ተውኔቶች የመረመሩ ሰዎች አንዳንድ ጉድለት ያወጣሉ። ንግግሩ ይረዝማል፣ ግጥሙ ድርጊቱን ይጫነዋል፣ ሰዎቹ ሥጋና ደም ከለበሱ ሰዎች ይልቅ የምግባርና የኃጢአት ስሞች ይመስላሉ ይላሉ። ትችቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ተውኔቶቹ የተጻፉት ለማን ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል። በትርፍ ጊዜው ገንዘብ ከፍሎ ለሚመለከት ተመልካች አልነበረም፤ ለተማሪ ነው። ረጅም ግጥም በቃል ማጥናት ለተማሪው ልምምድ ነው፤ ከፍ ባለ ድምፅ መናገር ልምምድ ነው። በሌላውም ዓለም ቢኾን የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቶች ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ተውኔት ያጫውቱ የነበረው ለዚሁ ነው፤ ቋንቋውን በአፋቸው እንዲያስገቡት፣ በሰው ፊት መቆምን እንዲለምዱት።

በዚህ ሥራ ብቻቸውን አልነበሩም። መላኩ በጎሰው እንደ እርሳቸው መምህርም ጸሐፌ ተውኔትም ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ከመጻፋቸው አስቀድሞ በወጣትነታቸው የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ የተባለ ተውኔት ጽፈዋል፤ በደብረ ማርቆስም አስተምረዋል። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊነታቸው ለልጃገረዶቹ ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ በኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ኾነዋል። የቴአትር ጥበባት ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ክፍል ኾኖ የተቋቋመው በ1970ዎቹ መባቻ ነው። ከዮፍታሔ የመጀመሪያ ልምምድ እስከዚያ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አለፈ። በመካከሉ ቴአትርን ይዘው ያቆዩት በአብዛኛው የሀገር ፍቅርና የብሔራዊ ቴአትር መድረኮች፣ እንዲሁም የትምህርት ቤት መምህራን ናቸው።

በአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ተውኔት ዛሬም ምዕራፍ አለው። ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ ቃለ ተውኔቱን በዝምታ አንብቦ፣ የገጸ ባሕርይንና የመቼትን ትርጉም ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል። ጮኾ የሚናገረው ዕድል ቀንቶት የክበብ አባል ከኾነ፣ ያውም ለወላጆች በዓል ነው። ቀኝጌታ ቢያዩት የሚገርማቸው ይመስለኛል፤ በእርሳቸው ዘንድ የማይነገር ተውኔት እንደማይዜም ዜማ ነበርና።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ ከትምህርት ቤት የወጣው ትውልድ ደግሞ የጠላት ዒላማ ኾነ። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 ወዲህ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የተማረ ወጣት እየተለየ ተገደለ። በየትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ ቆመው ግጥም ይሉ የነበሩት ልጆች ከዚሁ ትውልድ ነበሩ። ያን ሐዘን ለመለካት ቁጥር አይበቃም።

ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ስማቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈው ዮፍታሔ ከሀገሩ ተገፍቶ ወጥቶ፣ ሀገሩ ሲጨንቃት ተመልሶ የተዋጋ ሰው ነው። ሊቃውንቱ ስም ይመራል ይላሉ። በስደት ያሉት ቀኝጌታም ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ ስደተኛውንና አርበኛውን የሚያነሳሳ ግጥም ይጽፉ ነበር። ሀገርን በሴት ስም ጠርቶ የመከራዋን ዘመን የሚተርከው አፋጀሽኝ የተባለው ተውኔታቸው የዚያ ዘመን ቁስል ነው። ሰሙ የሴት ታሪክ ነው፤ ወርቁን የኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ ያውቀው ነበር። አርበኛና ባንዳ በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ማዕድ ዙሪያ በተገኙበት ሀገር ርዕሱ ብቻ ያስለቅሳል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሰንደቅ ዓላማ በኦሜድላ ተተከለ። ዘመቻው በበላያ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ በኩል ጎጃምን አቋርጦ መጣ። ከደብረ ማርቆስ የለቀቀው የኢጣሊያ ጦር በዚሁ በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ ሸሸ። ዮፍታሔም ከስደት ተመላሾቹ ጋር ሀገራቸው ገቡ። ከነጻነት በኋላ በፓርላማው ከፍ ባለ ኃላፊነት አገለገሉ፤ በጽሑፍ ሥራቸውም ቀጠሉ። የተማሪ ቤት መድረካቸውን ግን እንደ ቀድሞው አላገኙትም፤ ዘመኑም ሰውም ተለውጦ ነበር።

በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው ገና ከሃምሳዎቹ ብዙ አልዘለለም። የተውኔቶቻቸው ዕጣ እንደ ቅኔ ኾነ፤ ቅኔ አንድ ጊዜ ለዕለቱ ይነገርና ከሰሚው ጋር ይሄዳል። አንዳንዶቹ ታትመዋል፣ አንዳንዶቹ በእጅ ጽሑፍ ቀርተዋል፣ አንዳንዶቹ ርዕሳቸው ብቻ ይታወቃል። የተረፈውን ለመሰብሰብ የተነሳው ባለቅኔው ዮሐንስ አድማሱ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ጥናቱ የቀኝጌታን ሕይወትና ሥራ መረጠ፤ ያወቋቸውን ሰዎች ጠየቀ፣ ወረቀቶቹን ፈለገ፣ ጻፈው። እርሱም መጽሐፉ ሲታተም ሳያይ ሞተ። ጥናቱ ለአንባቢ የበቃው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወንድሙ ዮናስ አድማሱ አሰናድቶት ነው።