ቤንዚኑን ለክቶ የነዳው ማርክ ዶናሂው

በእግር ኳስ የለመድነው ነገር ነው። ክለቡ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ምርጥ የሚባል አጥቂ ያመጣል፤ ከመሃል ሜዳ ኳስ የሚያደርስለት ግን የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል፣ የሚሰደበው አጥቂው ነው። በ1971 መገባደጃ ላይ (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን ቫይሳክ በሚገኘው የፖርሽ የሙከራ ጣቢያ የነበረው የውድድር መኪናም በሽታው ይኸው ነበር። ሞተሩ 12 ሲሊንደር ያለውና ሁለት ቱርቦ የተገጠመለት ነው። የፈረስ ጉልበቱ ወደ 900 ይጠጋል። ጉልበት ሞልቶ ተርፏል፤ የጠፋው ነዳጁን በልኩ የሚያደርስለት ነው። ይህን ያወቀውና መፍትሔ እንዲፈለግለት የወተወተው ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ሾፌር ነበር፣ ማርክ ዶናሂው።

ዶናሂው የተወለደው መጋቢት 1937 ሲሆን ያደገው በኒው ጀርሲ ግዛት ሳሚት በምትባል ከተማ ነው። በ1959 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። ገና በ22 ዓመቱ በራሱ ኮርቬት የዳገት ውድድር ገብቶ በመጀመሪያው ቀን አሸነፈ። ሥራውን ግን ወዲያው አልተወም፤ በሳምንቱ ቀናት መሐንዲስ፣ ቅዳሜና እሑድ ሾፌር ሆኖ ዓመታት አሳለፈ። በትህትናው የተነሳ ካፒቴን ናይስ እያሉ ይጠሩት ነበር፣ ጨዋው ካፒቴን እንደማለት። ፊቱን ያየ ሰው የባንክ ሠራተኛ ነው ቢል አይፈረድበትም።

የሕይወቱ መስመር የተቀየረው በሐዘን ቀን ነው። እንደ ታላቅ ወንድም እየመከረ ያሳደገው ዎልት ሃንስገን በ1966 ለሌ ማን ውድድር ሲለማመድ ተጋጭቶ ሞተ። በቀብሩ ላይ ሮጀር ፔንስኪ የተባለው የቀድሞ ሾፌር ዶናሂውን ጠጋ ብሎ ለቡድኑ እንዲነዳለት ጠየቀው። ሁለቱ ተገናኙና የአሜሪካን ትራኮች ማመስ ጀመሩ። ትራንስ-አም በሚባለው ውድድር በ1968 ከ13 ውድድር 10ሩን አሸነፈ፤ በ1969 እና በ1971ም ሻምፒዮን ሆነ። ቡድኑ ከደንቡ ቀዳዳ መፈለግ ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ የነዳጅ መሙያ ታንከሩን ከፍ ባለ ማማ ላይ ሰቀሉት፤ ቤንዚኑ ከላይ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ መኪናው ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞላል። ቡድኑ ነዳጅን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያስብበት ከዚህ ይገባችኋል።

ወደ ፖርሽ እንመለስ። ኩባንያው ወደ አሜሪካ ያማተረው በአውሮፓ ለ1972 በወጣው ደንብ ባለ 5 ሊትሩ 917 ቦታ ስላጣ ነው። በሰሜን አሜሪካው ካን-አም ውድድር ግን ለሞተር መጠን ገደብ የለም። እዚያ ከ1967 እስከ 1971 አምስት ዓመት በተከታታይ የነገሠው ከ8 ሊትር የሚበልጥ የሸቭሮሌት ሞተር እስከመያዝ የደረሰው ማክላረን ነበር። ፖርሽ መጀመሪያ 16 ሲሊንደር ሞከረ፣ ቆይቶ ግን በ12ቱ ላይ ቱርቦ መጫን ይሻላል አለ። መኪናውን የሚያወዳድረው የፔንስኪ ቡድን፣ የሚፈትነውም ዶናሂው እንዲሆን ተስማሙ።

ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር የሚልክ ዕቃ ነው። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መብዛት አለበት። ካነሰ ሙቀቱ ያይልና ፒስቶን ይበሳል። ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ይታፈናል። ይህን የሚመጥነው መካኒኮቻችን ፖምፓ የሚሉት ነው። የ917 ፖምፓ የቦሽ ሥራ ሲሆን በራሱ በሞተሩ ጉልበት የሚዞርና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ፣ በጠቅላላው 12 መግፊያ ያለው ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያዘው ልክ ያኔ ብረት ላይ የተቀረጸ ነው። ልኩ ከተሳሳተ ብረቱን እንደገና መቅረጽ ነው፣ በቃ።

የፖርሽ ሰዎች ደግሞ ሞተሩን ያበሰሉት በከፍተኛ ዙር፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነበር። እዚያ ላይ ውጤቱ አስደናቂ ነው። ትራክ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ጉድ ሆነ። ዶናሂው ከኩርባ ሲወጣ ነዳጅ ይሰጣል፣ መኪናው ዝም። ይጨምራል፣ አሁንም ዝም። ከዚያ ድንገት 900 ፈረስ በአንድ ጊዜ ከጀርባው ይመጣበታል። እንዲህ ዓይነት መኪና ቀጥታ መንገድ ላይ ያስፈራል፣ ኩርባ ላይ ይገድላል።

መሐንዲሱ ሾፌር ያነሳው ጥያቄ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ሞተሩ በመፈተሻው ላይ ታስሮ በዝቅተኛ ዙርና ነዳጅ ሩብና ግማሽ ብቻ ተሰጥቶት ይለካ አለ። ለውድድር መኪና ግማሽ ነዳጅ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም፤ ሾፌር ግን ከኩርባ የሚወጣው በጥቂት በጥቂቱ እየረገጠ ነው፣ ጊዜ የሚገኘውም የሚጠፋውም እዚያ ነው። ሲለካ እውነቱ ወጣ። ፖምፓው ከታች ያለውን የሞተሩን ፍላጎት ጭራሽ አያውቀውም። ሞተሩ ቦታ በቦታ፣ ዙር በዙር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚፈልግ ተመዝግቦ ፖምፓው በዚያው መሠረት ተስተካከለ። የሞተሩ አባት ሃንስ ሜትስገር፣ የቱርቦው ባለሙያ ቫለንቲን ሼፈርና የመኪናውን ሥራ የመራው ሄልሙት ፍሌግል ያሉበት ቡድን ነው ይህን ያደረገው። ከዚያ በኋላ መኪናው የሚነዳ ሆነ። ለእኔ የዶናሂው ትልቁ ድል ይህ ነው፤ ዋንጫ የለውም እንጂ።

ዛሬም በየጋራዡ መኪናውን በቱርቦ የሚያጎለብት ወጣት የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ፖምፓ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር ያያል። ያ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ግፊት ዝቅ ባለበት የተለካ ነው። ቱርቦው ሲነፋ ፖምፓው የሚገፋበት ግፊት አብሮ ይጨምራል፣ የሚያደርሰው ሊትርም እየቀነሰ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ፖምፓ ሲሆን ደግሞ ሽቦው ቀጥኖ ቮልት ካነሰው የባሰ ነው። ስለዚህ ማየት ያለበት በሚሠራበት ግፊት ላይ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ነው። በግምት አንድ የቱርቦ ቤንዚን ሞተር ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት ከሊትር ሲሶ ከፍ ያለ ይጠጣል። 1,100 ፈረስ ከሆነ 400 ሊትር ገደማ በሰዓት ማለት ነው።

1972 ደስታና መከራ የተቀላቀለበት ዓመት ሆነ። ግንቦት ላይ ዶናሂው ኢንዲያናፖሊስ 500ን በማክላረን መኪና አሸነፈ፤ መሪነቱን የያዘው በመጨረሻዎቹ 13 ዙሮች ነው። ለፔንስኪ የመጀመሪያው የኢንዲ ድል ነበር። በሰኔ ወር አዲሱ ፖርሽ 917/10 ካናዳ ሞስፖርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር ቀዳሚ ሆኖ ተነሳ፣ በቱርቦ ብልሽት ግን ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ሮድ አትላንታ ላይ ሲሞክር የመኪናው የኋላ ልባስ ተነቅሎ በረረና ተገለበጠ። እግሩ ተጎዳ። መኪናውን ጆርጅ ፎልመር ተረከበና ሻምፒዮን ሆነበት። ያን ሁሉ ወራት የደከመበትን መኪና ሌላ ሰው ሲነዳው ቆሞ ማየት ዶናሂውን ከእግሩ በላይ እንዳመመው የሚታወቅ ነው። አጥቂ ተጎድቶ ሳለ ተቀያሪው ዋንጫውን ሲያነሳ ማየት በሉት።

በ1973 ግን መልሶ መጣ። አዲሱ 917/30 ባለ 5.4 ሊትር፣ በውድድር ላይ 1,100 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ወደ 400 ሊትር ቤንዚን የሚሸከም ጭራቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውድድሮች ሌሎች ወሰዱ። የቀሩትን ስድስቱንም ዶናሂው በላቸው! ተቀናቃኞቹ የሚያዩት ጀርባውን ብቻ ሆነ። በ36 ዓመቱ፣ ሁሉን ካሸነፈ በኋላ፣ መንዳት አቆምኩ ብሎ ጓንቱን ሰቀለ።

መኪናውም ቢሆን ብዙ አልቆየም። በ1973 መጨረሻ ዓለምን የመታው የነዳጅ ቀውስ፣ በእኛው በ1966 ዓ.ም. በቤንዚን ዋጋ መናር የተነሳ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን ሥራ ያስቆመው ያው ቀውስ፣ ካን-አምንም ነካው። ለ1974 በወጣው ደንብ መኪና በአንድ ሊትር 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ግድ ሆነበት። የእኛ ሚኒባስ ሾፌር ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል፣ ለ917/30 ግን የሞት ፍርድ ነበር።

ዶናሂው ዕረፍቱን አልቻለበትም። በ1974 መጨረሻ ፔንስኪ ፎርሙላ 1 ሲገባ ተመልሶ መሪ ጨበጠ። ፎርሙላ 1 ለሱ አዲስ አልነበረም፤ በ1971 ካናዳ ላይ በመጀመሪያ ውድድሩ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር። የ1975ቱ ግን ሌላ ነው። መኪናው አልታዘዝ አለው። ስዊድንና እንግሊዝ ላይ አምስተኛ ከመውጣት ያለፈ አልሆነለትም። የለመደው ልኬት፣ የለመደው ማስታወሻ ደብተር አልሠራም።

ነሐሴ 9 ቀን 1975 በአላባማ ታላዴጋ ትራክ ከድሮ ወዳጁ ከ917/30 ጋር ተገናኘ። ዓላማው የዓለም የዝግ ትራክ የፍጥነት ክብረ ወሰን ነበር። እዚህ እግር ከፔዳል አይነሳም፤ ሞተሩ የሚተነፍስበት ኩርባ የለም፣ ሙቀቱም ፒስቶን ይበላል። የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ተገጠመለትና በሰዓት በአማካይ 355.86 ኪሎ ሜትር ከነፈ። ክብረ ወሰን ሆነ።

ይህ በሆነ በስምንተኛው ቀን፣ በኦስትሪያ ግራንድ ፕሪ የጠዋት ልምምድ ላይ፣ ፈጣኑ ኩርባ ውስጥ ጎማው ከዳው። መኪናው አጥሩን ጥሶ ወጣ። በትራኩ ዳር የቆመ አንድ አስተናባሪ በፍርስራሹ ተመትቶ ሞተ። ዶናሂው ራሱ ግን ነቅቶ ሲያወራ ነበር፣ የተረፈም መስሎ ነበር። ራስ ምታቱ እየባሰ ሄደና ግራዝ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰዱት። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ነሐሴ 19 ቀን በ38 ዓመቱ አረፈ። ቤተሰቡ በጎማው ምክንያት የመሠረቱት ክስ ዓመታት ፈጅቶ በ1984 ሮድ አይላንድ ውስጥ ተፈረደላቸው።

አባቱ ሲሞት ልጁ ዴቪድ የ8 ዓመት ልጅ ነበር። አድጎ እሱም ሾፌር ሆነ። ማርክ ዶናሂው በ1969 ከቻክ ፓርሰንስ ጋር የዴይቶናን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፎ ነበር፤ ዴቪድ ያንኑ ውድድር በ2009፣ ልክ ከ40 ዓመት በኋላ፣ ከሁዋን ፓብሎ ሞንቶያ በ0.167 ሴኮንድ ቀድሞ አሸነፈ። የነዳው መኪና ሞተር የፖርሽ ነበር።