ጄትሮ ተል፦ በማሽን በመስመር መዝራትን ያስፋፋው ገበሬ

በነገሌ ቦረናና በዙሪያው ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ዝናቡ አጭር መሆኑ ይታወቃል። የገነ ዝናብ በመጋቢት ገብቶ በግንቦት ስለሚያበቃ ዘሩና ማዳበሪያው በወቅቱና በመጠኑ መሬት ካልገቡ በብድር የተገዛው ግብዓት ሁሉ ባክኖ ይቀራል። የመዝሪያ ማሽን ነገር ሲነሳ ደግሞ ስሙ የማይዘለል ሰው አለ።

ጄትሮ ተል እ.ኤ.አ. በ1674 በእንግሊዝ አገር በበርክሻየር ተወለደ። በኦክስፎርድ ተምሮ በ1699 ለጥብቅና ቢበቃም በሙያው አልገፋበትም። ጤናውም ደካማ ነበር። ወደ ቤተሰቡ እርሻ ተመልሶ ገበሬ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ዘር በብተና ይዘራ ነበር። ተል ሴንፎይን የሚባለውን የመኖ ተክል ውድ ዘር ሠራተኞቹ በፈር ውስጥ በመጠን እየጨመሩ አፈር እንዲያለብሱት አዘዘ። ጥቂት ከሠሩ በኋላ እምቢ አሉ። በእኔ አስተያየት ሠራተኞቹን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ በአገራችንም ጤፍን በመስመር መዝራት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው ሲቀሰቀስ አርሶ አደሩ ያነሳው ቅሬታ የጉልበቱ ብዛት ነበር። ተል ግን ሰው ከመለመን ማሽን መሥራትን መረጠ።

ሐሳቡን ያገኘው ከኦርጋን ነው። ኦርጋን አየር ከሳንዱቅ ወደ ቧንቧዎች እየተከፋፈለ የሚጮህ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን፣ ተል በወጣትነቱ አሠራሩን ያውቅ ነበር። የአየሩን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክፍል አስመስሎ ዘር የሚመጥን መሣሪያ በ1701 ሠራ። በፈረስ እየተጎተተ ሦስት መስመር በአንዴ ይዘራ ነበር።

በ1709 ፕሮስፐረስ ወደሚባል እርሻ ተዛወረ። ቆይቶም ለጤናው ወደ ፈረንሳይና ጣሊያን ሄዶ በወይን መስመሮች መካከል አፈሩ ሲኮተኮት ተመለከተ። ሲመለስ በፈረስ የሚጎተት መኮትኮቻ እየተጠቀመ በአንድ መሬት ላይ ለ13 ዓመታት ፍግ ሳይጨምር ስንዴ አመረተ፤ ዘዴውንም ከ1731 ጀምሮ በመጽሐፍ አሳተመ።

እዚህ ላይ ግን ተል ተሳስቷል። ተክል የሚመገበው የደቀቀ አፈር ነው፤ ስለዚህ ፍግ አያስፈልግም ብሎ ያምን ነበር። ስንዴውን የረዳው አረም መወገዱና አፈሩ መላላቱ እንጂ የአፈር ቅንጣት መብላቱ አልነበረም። በ1741 ሲሞት ማሽኑ በአገሩ ገና አልተስፋፋም ነበር።

የሚገርመው፣ ፍግ አያስፈልግም ያለው ሰው የሠራው ዓይነት ማሽን ዛሬ ማዳበሪያም ይዘራል። የተል ማሽን በአየር አይሠራም ነበር፤ በአንዳንድ የዛሬ ማሽኖች ግን ደረቅ ማዳበሪያን በየቱቦው የሚያደርሰው ከፋን የሚወጣ አየር ነው፤ ልክ እንደ ኦርጋኑ። ኦፕሬተሩ ፋኑ የሚፈለገውን ፍጥነት ሳይዝ ማዳበሪያ መልቀቅ የለበትም። ሲያቆምም መጀመሪያ ማዳበሪያውን ዘግቶ፣ ቱቦው እስኪጠራ ፋኑን ማሠራት አለበት። አየሩ ካነሰ ማዳበሪያው ቱቦ ውስጥ ይከማቻል፤ ከበዛ ደግሞ ፍሬው ከፈሩ ነጥሮ ይወጣል። በየማዞሪያው የሞተሩ ዙር ሲቀንስ ፋኑም ሊዳከም ስለሚችል ዙሩን መጠበቅ ያስፈልጋል። ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ የረጋ ካለ ወደ ሳጥኑ ከመጨመሩ በፊት ይነፋ፤ ማታም በሳጥኑ ውስጥ አይደር።

አንድ ቱቦ ቢዘጋ ኦፕሬተሩ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ አያየውም። የሚታወቀው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ያ መስመር ብቻውን ቢጫ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዝናቡ እየወጣ ነው።