ዣን ዳርዬና ተቆርጦ የሚበቅለው ዕጢ

ዣን ዳርዬ ከፈረንሣውያን ቤተ ሰብ በ1856 በቡዳፔስት ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1868 መቅደላ ወድቃ ሕፃኑ ወርቅነህ፤ ማለት የኋላው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ በእንግሊዞች እጅ ከአምባው ሲወሰድ ዳርዬ ወደ 12 ዓመት የተጠጋ ልጅ ነበረ። ሁለቱም ሐኪሞች ሆኑ፤ የኛው በሕንድና በስኮትላንድ፤ ያኛው በዤኔቭና በፓሪስ ተምሮ።

በፓሪስ የዳርዬ ዕድል የቆዳ ሕመምተኞች የሚታከሙበት የቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል ሆነ። ከሕመምተኛ ገላ የተቆረጠ ቆዳ በሚክሮስኮፕ መመርመር የዘወትር ሥራው ነበረ። በ1889 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የቆዳ በሽታ ገለጸ፤ ነገር ግን ያየውን ክብ ክብ ነገር ጥገኛ ተሕዋስያን መስሎት ነበር። በሽታው በዘር የሚወረስ እንጂ ከውጭ የሚገባ አይደለም።

እኔ ይበልጥ የማደንቀው በ68 ዓመቱ፤ በ1924፤ ከባልደረባው ከፌራን ጋር የጻፈውን ነው። በትከሻ ወይም በደረት ላይ ጠባሳ የሚመስል ጠንካራ ነገር ይወጣል። አያምም፤ ለዓመታት በዝግታ ያድጋል። ሐኪም ይቆርጠዋል፤ ቁስሉ ይሽራል፤ ከጊዜ በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሶ ይበቅላል። ቴይለር የሚባል ሐኪም በ1890 ይህን የመሰለ ዕጢ ጽፎ ነበር፤ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ያስረዱት ግን ዳርዬና ፌራን ናቸው። ጀርመናዊው ሆፍማን በ1925 ደርማቶፊብሮሳርኮማ ፕሮቱበራንስ የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙ ከዕጢው ይረዝማል።

የመመለሱ ምክንያት ሥሩ ነው። እንደ ሰርዶ ከሚታየው አልፎ፤ ከቆዳ በታች ባለው ስብ ውስጥ በቀጫጭኑ ይሰራጫል። እብጠቱን ብቻ የቆረጠ ሥሩን ትቶታል። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች ጤነኛ ከሚመስለው ዳር 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ጨምረው ያወጣሉ፤ ወይም ዳሩን ጥቂት ጥቂት እየቆረጡ በሚክሮስኮፕ ንጹሕ መሆኑን እስኪያዩ ይቀጥላሉ። ካንሰር ቢሆንም ወደ ሌላ የአካል ክፍል የሚዛመተው ከመቶ ሕመምተኞች ከ5 በማይበልጡት ላይ ነው። ሊቆረጥ ለማይችለውም ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን አለ።

ነገር ግን የማያም እብጠት ይዞ ማን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል? ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ያለውን መንገድ የሚያውቅ መልሱንም ያውቃል። በሽታው በብዛት የሚታየውም ከ20 እስከ 50 ዓመት ባሉት ሰዎች ላይ ነው፤ እንግዲህ እኛም አለንበት።

ዳርዬ በስተርጅናው ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው በሎንግፖን ከንቲባ ሆኖ ሠራ። እዚያው በ1938 አረፈ።