የነርስ ልብስ የለበሱት ልዕልት

ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ተነሥቶ በቀለበት መንገድ የሚጓዝ ሰው መካኒሳንና አየር ጤናን አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። በዚያ ያለው ሆስፒታል ዛሬ በሠራዊቱ ስም ቢጠራም፣ ሲከፈት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ከወጣት አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ይህን ስም የሰሙት አይመስለንምና ልዕልቲቱ ማን እንደ ነበሩ በዛሬው እሑድ ጥቂት ልናወጋ ወደድን።

ልዕልት ፀሐይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። በ1912 ዓ. ም. ሲወለዱ አባታቸው ገና ራስ ተፈሪ ይባሉ ነበር። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ልዕልቲቱ ለሠራዊቱ ፋሻና ልብስ ከሚያዘጋጁት ሴቶች ጋር አብረው ደከሙ። በ1928 ዓ. ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ገቡ።

የንጉሥ ልጅ በስደት አገር ቤት ዘግቶ ማልቀስ ይበቃዋል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። ልዕልት ፀሐይ ግን ሎንዶን በሚገኘው በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በተማሪ ነርስነት ገቡ። የተማሪ ነርስ ሥራ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሕፃናትን ማጠብ፣ አንሶላ መለወጥ፣ ትኩሳት መለካት፣ ሌሊት ሲያለቅሱ አጠገባቸው መቆም ነው። በዚያን ጊዜ በአገራችን በሽተኛን ማጠብ ለመኳንንት ልጅ የሚገባ ሥራ ሆኖ የሚታይ እንዳልነበረ ስናስብ፣ የልዕልቲቱ ምርጫ ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበረ ይገባናል። ሦስት ዓመት ተምረው በ1931 ዓ. ም. ምስክር ወረቀት ያላቸው የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ቀጥለውም የአዋቂዎችን ሕክምና ለመማር ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል ገቡ።

ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሠሩ። በሚያዝያ 1934 ዓ. ም. በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን ዐቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው በወለጋ ተሹመው ስለ ነበር ኑሯቸው ለቀምት ሆነ። ለቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያው ዓመት በክረምቱ፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ በእርግዝና ምክንያት ባገኛቸው ሕመም ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ሠርጋቸው ከተደረገ አራት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። አስከሬናቸው በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም አርፏል።

ነገሩን በጥሞና ላሰበው ሰው የሚያስደነግጥ ነው። የሌላውን ሕፃን ለማዳን የተማሩ ነርስ፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ የአገረ ገዥ ሚስት፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ አላዳናቸውም። ወላድን የሚገድለው በአብዛኛው ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ ምጥ መጠናትና ከወሊድ በኋላ የሚከተል መመረዝ ነው፤ እነዚህን የሚመልሰው ደግሞ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ የሠለጠነ እጅና ደም ነው። ልዕልቲቱን ያጣናቸው በዚህ መንገድ ከሆነ፣ ስማቸው ያልተመዘገበው ባላገር ሴቶች ስንት እንደ ነበሩ መገመት ይቻላል። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1992 ዓ. ም. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ገምቷል፤ በ2008 ዓ. ም. ግምቱ ወደ 412 ወርዷል።

ለመታሰቢያው ሆስፒታል እንግሊዝ አገር ገንዘብ ለማሰባሰብ ብዙ የደከሙት የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። ሆስፒታሉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር። በ1951 ዓ. ም. (እዚህ ላይ የእኛን ዘመን ቆጥረናል) ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የሚባሉ ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት፣ በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ መጡ። ምጥ ቀናት ሲቆይባቸው የሕፃኑ ራስ ተጭኗቸው ፊኛቸው የተቀደደ፣ ሽንት መቋጠር አቅቷቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶችን ያዩት በዚያ ነው። ከ15 ዓመት ያህል በኋላ ለእነዚሁ ሴቶች የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሲመጡ የተዋዋሉት ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር፤ ዶክተር ሬጂናልድ በ1985፣ ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ. ም. እስኪያርፉ ድረስ ኑሯቸውን እዚሁ አደረጉ።